ዳኛው የጎረሱት

የአዘናው አጥቢያ ዳኛ ገበየሁ ጉቦ አይበሉም። ይህስ ደግ ነው፤ ችግሩ አለመብላታቸውን አውርተው አለመጥገባቸው ነበር። ባለጉዳይ ከደጃቸው ያሰረውን ሙክት ፈትተው፣ አገር እያየ በገበያው መሐል እየጎተቱ ይመልሳሉ። ድንበር የሚከራከረውን የሽባባውንም ሙክት እንዲሁ ጎትተው መለሱለትና ለባላጋራው ፈረዱ።

እግዜር ሊፈትናቸው ሲያምረው ግራ ጉንጫቸውን ከውስጥ አሳበጠባቸው። መጀመሪያ ሽምብራ የምታህል ነበረች፤ እያደር የእርግብ እንቁላል አከለች። አታምም፣ አትደማ፤ ብቻ ዳኛው ሁልጊዜ ጎርሰው የተሰየሙ ይመስላሉ። ለዳኛ ከዚህ የባሰ በሽታ ከወዴት ይመጣል!

"ዛሬም አልዋጡትም" ይላል ሽባባው ከችሎቱ ዳር። ሰዉ በጋቢው አፉን ሸፍኖ ይስቃል።

ባለቤታቸው ማናለብሽ ነቀርሳ ነው ብለው አለቀሱ። ዳኛው ግን የፈሩት ሌላ ነው።

"ሞትማ የማንም ነው፤ እንደ ጎረሰ ሞተ መባሉ ነው እንጂ!" አሉና ፈረሳቸውን አስጭነው ዳንግላ ሄዱ።

እዚያ ያለው ወጣት ሐኪም እብጠቱን በጣቱ ጫን ጫን አደረገው። ለስላሳ ነው፣ ከሥሩም ይንሸራተታል። "እንዲህ ያለው አፍ ውስጥ ብርቅ ነው፤ ክፉ ግን አይመስለኝም" አለ። ጉንጫቸውን በመርፌ አደንዝዞ፣ ቀዶ አወጣና ሰፋው። ለምርመራ አዲስ አበባ የሚልከውን ቆርጦ አስቀረ። የተረፈውን ውሃ ያለበት ብልቃጥ ውስጥ ቢጨምረው ተንሳፈፈ።

"አዩት? ስብ ስለሆነ ነው የሚንሳፈፈው። አይዞዎት፣ የሚገድል አይደለም" አላቸው።

ዳኛው በደስታ የሐኪሙን ጉልበት ሊስሙ ቃጣቸው። ለምነውም ብልቃጡን ወሰዱ። ማስረጃ ነዋ!

ቁስሉ እንደጠገገ፣ ችሎት በሞላበት ቀን ብልቃጡን ከፍ አድርገው አሳዩ። "እነሆ ጎረሰ ያላችሁኝ! ሐኪም ቀዶ ያወጣው እብጠት ነው!"

ሰዉ አፍሮ አቀረቀረ። አንዲት ሴት "ይቅር ይበለን" አለች። ዳኛው እንደዚያ ቀን ኮርተው አያውቁም። ሽባባው ብቻ ቀረብ ብሎ፣ ብልቃጡን አተኩሮ አየ።

"ለመሆኑ ምንድን ነው፣ ጌታው?"

ዳኛ ገበየሁ ዋሽተው አያውቁም።

"ስብ ነው" አሉ።

ሽባባው ራሱን እየነቀነቀ ወደ ሰዉ ዞረ።

"አሁን ገባኝ! የእኔን ሙክት የመለሱት ለካ የባላጋራዬ አልዋጥ ብሏቸው ኖሯል!"