ግማሽ ቶን ከፍ ያለው ሸክላ

ላይኛዋ ድምፅ ላይ ሲደርስ ትራምፔቱ አየር ብቻ ተፋ። ጋሽ ከንፈር መሣሪያውን ከአፉ አላቆ ከንፈሩን በመሃረብ ጠረገና መሃረቡን አየ። ደም የለውም።

«ከመጀመሪያው» አለ።

«ስንተኛው መጀመሪያ ነው?» አለ ቤዝ ተጫዋቹ። ከወጣትነት ጀምሮ አብረው የሠሩ ናቸው፤ ሌላ ሰው እንዲህ ቢለው ይቀየም ነበር።

ከሰዓት በኋላ የሆቴሉ ሳሎን ባዶ ነው። አስተናጋጆች የጠረጴዛ ጨርቅ ይቀይራሉ፤ ከወጥ ቤቱ የሳህን ኳኳታ ይመጣል። ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ ቆሞ ሲያዳምጥ ቆየና ጠጋ አለ።

«ጋሼ፣ አይቀየሙኝና፣ ቅዳሜም እንዲህ ከሆነ ትራምፔቱ ይቅርና ሦስቱ ይቀጥላሉ። እንግዶቹ ሰው የታነቀ እየመሰላቸው ዞር ዞር ይላሉ።»

«የታነቀውስ ሰው አይደል እንዴ?» አለ ቤዝ ተጫዋቹ።

«ከንፈር» የሚለውን ስም ለትራምፔት ነፊው ያወጡለት ድሮ ነው፤ ያኔ ከንፈሩ ብረት ነው ይባል ነበር። አሁን ስሙ ሹፈት ሆኖበታል። ሚስቱ ሥራውን እንዲተው መወትወት ከጀመረች ቆይታለች። አንድ ጊዜ እሺ ብሏት ሳምንት ሙሉ ቤት ውሎ ነበር። ያቺን ሳምንት ሁለቱም አያነሷትም።

ያስቸገረው ዜማ የአንድ የቆየ ጃዝ አልበም መክፈቻ ነው። በከተማው ውስጥ ያ ሸክላ የሚገኘው ታላቅ ወንድሙ ጋ ብቻ ነበር። ወንድሙ ራዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ ሱቁ ውስጥ ሸክላ ማጫወቻ ነበረው። ትራምፔት የያዘ፣ ከበሮ የሚመታ፣ ፒያኖ የሚሞካክር ሁሉ እዚያ እየሄደ፣ መርፌውን እየመለሰ እየመለሰ ተማረ። ቤዙ ብቻውን ይገባል፤ ከዚያ ከበሮው በቀጭን የሽቦ ብሩሽ ይዳሰሳል፤ ትራምፔቱ ዘግይቶ ይመጣና የሚያስፈልገውን ብቻ ተናግሮ ዝም ይላል። ከዚያ በፊት ሙዚቃ ማለት ሳያቋርጡ መጫወት ይመስላቸው ነበር። መጨረሻ ላይ ግን ያቺ ላይኛ ድምፅ አለች። አንዱ ጓደኛቸው አልደርስባትም ብሎ ትራምፔቱን ሸጦ የአውቶቡስ ሾፌር ሆኗል። «ከንፈር የሌለው መሪ ይጨብጣል» እያለ ጋሽ ከንፈር ዕድሜውን ሙሉ ሲቀልድበት ኖሯል።

ፒያኖ የምትጫወተው ልጅ ለባንዱ አዲስ ናት። ሥራ አስኪያጁ እስኪወጣ ጠበቀች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ? ይሄን ለምንድነው እዚህ ቶን ላይ የምትጫወቱት? ጣቴ እኮ ጥቁር ጥቁሩን ቁልፍ ሲረግጥ ዋለ።»

«አልበሙ ላይ እንደዚያ ስለሆነ።»

«አልበሙ ላይ ድምፁ ግማሽ ቶን ዝቅ ይላል።»

ከበሮ መቺው ዱላውን ጭኑ ላይ አሳረፈ።

«አንቺ ልጅ» አለ ጋሽ ከንፈር፣ «ያን ሸክላ የሰማነው አንቺ ሳትወለጂ ነው።»

 ልጅቷ ስልኳን አውጥታ አልበሙን ከፈተችና ፒያኖው ላይ አስቀመጠችው። ሦስቱ ሽማግሌዎች አንገታቸውን አስግገው ሰሙ። ዝቅ ያለ፣ ቀስ ያለ ነው።

«ስልክሽ ባትሪ ጨርሷል» አለ ቤዝ ተጫዋቹ።

ጋሽ ከንፈር አልሳቀም። ትራምፔቱን ሳጥን ውስጥ ከቶ ቀጥታ ሟች ወንድሙ ቤት ሄደ።

የወንድሙ ሚስት በሩን ከፍታ ከላይ እስከ ታች አየችው። «ምነው በደህና ነው? አንተ ካለ ምክንያት አትመጣም።»

«እትዬ፣ ያ ማጫወቻ አለ?»

«የት ይሄዳል? እግር የለው።»

የማጫወቻውን የፕላስቲክ ልብስ ገፎ ሸክላው የሚቀመጥበትን ክብ ብረት አነሳ። ከሥሩ ሞተሩ አለ፤ ከሞተሩ ዘንግ ተነስቶ ብረቱን የሚያዞር ቀጭን ጎማ ተዘርግቷል። ዘንጉ ላይ ጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሏል። ከመድረቁ የተነሳ እንደ ቅርፊት ሆኗል።

«ይሄ ምንድነው?»

«ወንድምህ ጎማው ይንሸራተታል ብሎ ነዋ! አጠገቡ ቁጭ ብዬ ነው የጠቀለለው። ከዚያ ወዲያ ቀጥ ብሎ ይዞራል፤ አንድም ቀን አላስቸገረኝም።»

ቀጥ ብሎስ ይዞራል። ግን ዘንጉ ሲወፍር ሸክላው ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ድምፁ ከፍ ይላል። ወንድሙ ጠጋኝ ነው፣ ሙዚቀኛ አይደለም። ሙዚቀኞቹ ደግሞ ሌላ ማጫወቻ አላዩም። ጋሽ ከንፈር ፕላስተሩን በጥፍሩ ልጦ ጎማውንና ብረቱን መለሰና ሸክላውን ጭኖ መርፌውን አስቀመጠ።

«ቀስ አለ» አለች ሴትየዋ። «ደከመው እንዴ?»

«አይ። ልኩ ይሄ ነው።»

«ታዲያ እናንተ ያን ሁሉ ዘመን?»

«እኛማ…» ብሎ ጆሮውን ወደ ማጫወቻው አስጠጋ።

ትራምፔቱ ዝም ሲል ዝምታው እሱ ከሚያውቀው ይረዝማል። ያቺ የላይኛዋ ድምፅ መጣች። ከልጅነቱ ጀምሮ ጥርሱ እስኪነቃነቅ የታገላት ነገር እዚህ አጥር ላይ እንደተቀመጠች ወፍ ቀለል ብላ ተቀምጣለች። ሾፌሩ ትዝ አለው። ይቺንማ እሱም ይደርስባት ነበር።

ሲመለስ ያሳሰበው ሌላ ነገር ነው። ሙዚቀኛ ዜማ ዝቅ አደረገ ማለት አለቀለት ማለት ነው፤ እሱ ራሱ ስለ ሌሎች ስንቴ ብሎታል። ካላወረደው ደግሞ ቅዳሜ ከሳሎኑ ይወጣል።

በማግስቱ ለባንዱ «ልጅቷ ልክ ናት፤ ከዛሬ ጀምሮ ዝቅ አድርገን ነው» አላቸው።

«አርጅቼ ነው በል» አለ ቤዝ ተጫዋቹ። «ሸክላው ላይ አታላክክ።»

ጋሽ ከንፈር ከኪሱ የፕላስተሩን ቅርፊት አውጥቶ መዳፉ ላይ አስቀመጠለት። ቤዝ ተጫዋቹ ታሪኩን ሰምቶ ሲጨርስ ቅርፊቱን አገላበጠው።

«ለዚች ነው ከንፈርህን የጨረስከው?»

«ለዚች ነው።»

«በስተርጅና እንደገና ልማር?»

«ተማር። አርጅተሃል እንዴ?»

ልጅቷ ሳቋን ለመደበቅ ፒያኖው ላይ አቀረቀረች።

ቅዳሜ ግማሽ ቶን ዝቅ አድርገው ጀመሩ። ዝምታው ላይ ጋሽ ከንፈር ልክ ሸክላው እንዳደረገው ቆየ። ከበሮ መቺው ቸኩሎ ሊገባ ሲል ልጅቷ በዓይኗ ያዘችው። ላይኛዋ ድምፅ ወጣች። እንደ ድሮው አላበራችም፤ ግን ሳትሰበር ወጣች። ሥራ አስኪያጁ ራሱን ነቅንቆ ወደ ቢሮው ገባ።

በእረፍቱ ሰዓት ከመስኮቱ ሥር የሚቀመጠው የቆየ ደንበኛ ጠራው። «ዛሬ ምን ሆናችሁ? ይቺ ዜማ እኮ ሁልጊዜ ከእንቅልፌ ታነቃኝ ነበር።»

«ዛሬ ይተኙበት» አለው ጋሽ ከንፈር።

ቤት ሲገባ ሚስቱ ፊቱን አይታ «አልሆነም?» አለችው።

«ሆነ። አላስወጡኝም።»

«ታዲያ ምን ያስከፋሃል?»

«ደክሞኛል» ብሎ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ።

በዚያ ሳሎን ተጨማሪ ሁለት ዓመት ሠራ። ቤዝ ተጫዋቹ ሰርግ ላይ ከሌሎች ባንዶች ጋር ሲሠራ ያንን ዜማ እስካሁን የሚጫወተው ግማሽ ቶን ከፍ አድርጎ ነው፤ በከተማው ያሉት ወጣቶች ከእነሱ የተማሩት እንደዚያ ነው።