አባባ የመረጠው ዘይት

አባባ ከእናቴ ጋር በቤንችኛ፣ ከሞተር ጋር ግን በአማርኛ ነበር የሚነጋገረው። ቴፒ አጠገብ በሚገኝ የእሸት ቡና መፈልፈያ ትልቁን የናፍጣ ሞተር ሲጠብቅ ነው ዕድሜውን የጨረሰው። የቡናው ወቅት ሲደርስ ከእኛ ይልቅ ሞተሩን ነበር የሚያውቀው። ቅዳሜ ማታ ሚዛን ከተማ ወዳለው ቤታችን ሲመጣ "ዛሬ አኩርፏል"፣ "ትናንት ደህና ሠራ" እያለ ለእናቴ የሚያወራላት ስለ ሌላ ልጁ ይመስል ነበር። ማንበብ ቢችልም ዘይት ሲገዛ በርሜሉ ላይ የተጻፈውን አያይም። ሁለት ጣቱን ነክሮ ያሻሸዋል፤ ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል፤ ከዚያ ወይ ራሱን ይነቀንቃል፣ ወይ ጣቱን በሱሪው ጠርጎ ይሄዳል። ነጋዴዎቹ ጣቱን ይፈሩት ነበር።

እኔ ሚዛን አጠገብ በምትገኘው አማን ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የሳንባን ሥዕል በጠመኔ ስንት ጊዜ እንደሣልኩ አላስታውስም። አባባ ሳንባው ደክሞ ከሆስፒታል ወደ ቤት ሲመለስ ግን ያ ሁሉ ሥዕል ለምንም አልጠቀመኝም። ሐኪሙ የነገረኝ አጭር ነበር፤ ሳንባው ወደ ቀድሞው አይመለስም፣ ኦክስጅን ግን አይለየው። እኔ ሁለተኛውን ብቻ ነው የሰማሁት። ዘመድ ተረዳድቶ ከአየር ላይ ኦክስጅን እያጣራ የሚሰጥ ማሽን አመጣንለትና አልጋው አጠገብ ተተከለ። መብራት ሲኖር ያንጎራጉራል፣ መብራት ሲጠፋ ይጮሃል። ከጩኸቱ በኋላ አባባ ብዙ ጊዜ የለውም፤ መጀመሪያ ከንፈሩ ይጠቁራል፣ ከዚያ ጥፍሩ።

እዚህ አገር መብራት እንደሚጠፋ ለማንም መንገር አያስፈልግም። ሲዘንብ ይጠፋል፣ ንፋስ ዛፍ ሲጥል ይጠፋል፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀንም እንዲሁ ደስ ሲለው ይጠፋል። ስለዚህ አንድ ሰው ብቻውን የሚሸከመው ትንሽ የቤንዚን ጄነሬተር ገዛን። ከጓሮ በኩል ቆርቆሮ ጥላ ሠርቼለት፣ ገመድ በመስኮት አስገብቼ፣ ሁሉን ነገር አዘጋጀሁ። የቀረኝ ዘይቱ ብቻ ነበር።

በዚያ ሳምንት ስለ ዘይት የሰማሁትን ያህል በዕድሜዬ ስለ ምንም አልሰማሁም። ጎረቤታችን የቤተ ክርስቲያኑን ድምፅ ማጉያ ጄነሬተር የሚጠብቅ ሰው ስለሆነ በሰፈሩ አዋቂ እሱ ነው። "የፈለግከውን ዘይት አድርግበት፤ ብቻ ቶሎ ቶሎ ቀይር" አለኝ። ምክሩ ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን እኛ ጋ ከሞተር የወጣ የተቃጠለ ዘይት አይደፋም፣ ምስጥ እንዳይበላው የአጥር ቋሚ እግር ይቀባበታል። የእሱ አጥር ደግሞ ረጅም ነው። "ስትቀይር ግን እንዳትደፋው" ብሎ ሁለት ጊዜ አስጠነቀቀኝ።

ከጄነሬተሩ ጋር አንዲት ቀጭን መጽሐፍ መጥታ ነበር። ተቀምጬ ለፈተና እንደሚያጠና ተማሪ አነበብኳት። ለእንዲህ ዓይነቱ ትንሽ ሞተር ቀጭን ዘይት ይሻላል፣ ዐሥር ሠላሳ ቁጥር የሚባለው፤ በብርድ ቶሎ ይዘዋወራል፣ ሞተሩም ዕድሜ ይኖረዋል ትላለች። መጽሐፏን ይዤ ወደ አባባ ገባሁ።

"ወፍራሙን፣ አርባ ቁጥሩን አምጣ" አለ ገና አፌን ሳልከፍት።

"አባባ፣ መጽሐፉ እኮ ቀጭኑን ነው የሚለው።"

"መጽሐፉ ስንት ሞተር አስነስቷል?"

"ይኼ እንደዚያ የናፍጣ ሞተር አይደለም፤ ትንሽ ነው።"

"ትንሽ ሆነ ትልቅ፣ ብረት ብረት ነው። ወፍራም ዘይት ብረትን ከብረት ይለያል።" ትንፋሹን ሰበሰበና ፈገግ እያለ ጨመረ፦ "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።"

በእጄ የያዝኩት ወረቀት ነበርና አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ደግሞስ ምን ብዬ ልከራከር? ከአልጋው እስከ በሩ መሄድ የተሳነው ሰው ነው። ሽንት ቤት የሚሄደው ተደግፎ፣ ሾርባ የሚጠጣው በእናቴ እጅ ነው። በዚያ ቤት ውስጥ እሱን የምንጠይቀው ነገር ሞተር ብቻ ነበር የቀረው። አርባ ቁጥሩን ገዝቼ ጨመርኩ።

ሞተሩ ሦስት ሳምንት ያህል ደህና ሰነበተ። ከዚያ አንድ ጠዋት፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሮ ብርዱ አጥንት ሲገባ፣ ለትምህርት ቤት ጫማዬን እያሰርኩ ማሽኑ ጮኸ። ወደ ጓሮ ሮጥኩ። ገመዱን ሳብኩ፤ ከበደኝ። ደግሜ ሳብኩ። ሞተሩ ከባድ ጭቃ ውስጥ እንደገባ ሰው እየተንደፋደፈ ይቆማል። እናቴ በመስኮት ስሜን እየጠራች ነው፤ ሌላ ምንም አትልም፣ ስሜን ብቻ። ስንት ጊዜ እንደሳብኩ አላውቅም፤ መዳፌ ተልጦ ነበር። ሲነሳ ሮጬ ገባሁ። አባባ አልጋው ጠርዝ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ተክሎ፣ የጣቱ ጥፍር ጠቁሮ አገኘሁት። ቀና ብሎ አየኝና በእጁ "ደህና ነኝ" የሚል ምልክት ሰጠኝ። እኔ ግን ደህና አልነበርኩም። ጓሮ ተመልሼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ዘይቱ ይሁን ሌላ ነገር እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ግን ወፍራሙን አፍስሼ ቀጭኑን ጨመርኩ። ለአባባ አልነገርኩትም። ይልቅ ማታለያ አበጀሁ፤ ዘይት በቀየርኩ ቁጥር ከአርባ ቁጥሩ ጠርሙስ አንድ ጠብታ በሲኒ ማስቀመጫ ሳህን ላይ አድርጌ አቀርብለታለሁ። የኦክስጅኑ ቱቦ አፍንጫው ላይ እንዳለ ሁለት ጣቱን ነክሮ ያሻሸዋል፣ ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል። "ይኼ ነው ዘይት" ይላል። እኔም ሞተሩ የሚጠጣው ሌላ መሆኑን እያወቅኩ "አዎ አባባ" እላለሁ። ሃምሳ ዓመት ሊሆነኝ ምንም አልቀረኝም፤ አባቴን እንደዚያ መዋሸት የጀመርኩት ግን ያኔ ነው።

አንድ ቀን ገመዱን አንዴ ብቻ ስቤ ሞተሩ ተነሳ፤ ስገባ አባባ ጆሮውን ወደ መስኮቱ አዘንብሎ ያዳምጣል።

"ቀለል ብሎታል" አለ።

"ቤንዚኑ ጥሩ ስለሆነ ነው አባባ።"

"ይሆናል" አለና ወደ ግድግዳው ዞረ።

ሌላ ቀን፣ ጠብታውን አሽቶ ከጨረሰ በኋላ፣ እኔ ሳህኗን ይዤ ልወጣ ስል እጄን ያዘኝ። መዳፉ ቀሎ ነበር። "እስኪ ተቀመጥ" አለኝ። "ወፍራሙንም ቀጭኑንም አምጣ። ዓይንህን ጨፍነህ በጣትህ የምትለይበትን ላሳይህ። እኔ ከሌለሁ ነጋዴው ያታልልሃል።"

ደነገጥኩ። ነቃብኝ አልነቃብኝም የሚለው ብቻ ነው በጭንቅላቴ ውስጥ የዞረው። "ቀጭን የለንም አባባ" አልኩት። "ደግሞ የማርመው የፈተና ወረቀት አለኝ።"

"ወረቀት" አለና ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠበት። ሳሉ ሲተወው "በል ሌላ ቀን" አለኝ። ወረቀት የሚባል ነገር አልነበረኝም፤ ከበሩ ውጭ ባዶ እጄን ቆሜ ሳሉ እስኪያቆም አዳምጥ ነበር።

ከዚያ በጌጫ ከተማ በኩል አውሎ ንፋስ ዛፍ ጥሎ የመብራት መስመሩን በጠሰው ተባለ። ሐሙስ ጠዋት የጠፋው መብራት ዓርብም አልመጣ። ጄነሬተሩ ግን ሠራ፤ እኔ እንኳ ያልጠበቅኩትን ያህል ሠራ። በየጥቂት ሰዓቱ ቤንዚን ለመጨመርና ዘይት ለማየት ማጥፋት ነበረብኝ። ሦስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፤ በእነዚያ ሦስት ደቂቃዎች አባባ አልጋው ላይ ተቀምጦ በሩን በሩን ያያል። የዘይት መለኪያውን ዘንግ እየጠረግኩ እነክራለሁ፣ ደግሜ እጠርጋለሁ። የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሞተሩ እንዳይቆም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሞተሩ እኩል ድምፅ እያሰማ ሲሠራ እናቴ ጠራችኝ። ገባሁ። ማሽኑ ያንጎራጉራል፣ አረንጓዴው መብራት በርቷል፣ ቱቦው አፍንጫው ላይ ነው፣ ጆሮዬን ሳስጠጋ አየሩ ይነፍሳል። አባባ ግን አይቀበልም። የሐኪሙን የመጀመሪያውን ቃል ያኔ ነው የሰማሁት። ምን እንዳደረግኩ ልናገር፤ አቅፌ አላለቀስኩም፣ ጸሎት አላደረስኩም። ሮጬ ወደ ጓሮ ወጣሁና ሞተሩን አጥፍቼ ዘይቱን ለካሁ። ሙሉ ነበር። ንጹሕ ነበር። ዘንጉን በእጄ ይዤ ምን እንደማደርግበት ጠፋኝ። ጎረቤታችን የእናቴን ጩኸት ሰምቶ ሲመጣ እንደዚያ ቆሜ አገኘኝ።

ድንኳን ተተከለ። ማንም ሳይጠይቅ ጄነሬተሩ ለድንኳኑ መብራት ተወሰደ፤ ሦስቱን ቀን ሳይነጫነጭ ሠራ። ሰው ሁሉ "ጥሩ ሞተር ነው፣ ምን ዓይነት ዘይት ነው የምትጠቀመው?" እያለ ይጠይቀኝ ነበር። ሰው በለቅሶ ቤት የሚያወራው ሲያጣ ያገኘውን ያወራል፤ አልፈርድም። እኔ ግን ያ ጥያቄ ሲመጣ ወንበር ላምጣ ብዬ እነሳ ነበር።

ዐሥር ቀን ያህል ቆይቶ ጎረቤታችን እንደማፈር ብሎ መጣ። አጥሩን ምስጥ ጀምሮታል፤ የተቃጠለ ዘይት ፈልጎ ነው። ጄነሬተሩን ዘንበል አድርጌ ዘይቱን ወደ ጀሪካን እያፈሰስኩ ሳለ እናቴ በርጩማ ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

"ይኼ ቀጭኑ ነው አይደል?" አለችኝ።

ጄነሬተሩን ቀና አደረግኩት። "ማን ነገረሽ?"

"አባትህ። ገና በመጀመሪያው ቀን በድምፁ ለይቶታል። 'የሚያሳየኝና ሞተሩ የሚጠጣው አንድ አይደለም' አለኝ።"

"ተቆጣ?"

"ምን ያስቆጣዋል? 'ልጁ ልክ ነው፣ ለዚህ ሞተር ቀጭኑ ነው የሚስማማው' አለ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አለኝ እማዬ?"

ነጠላዋን አስተካከለች። "እኔም ጠይቄው ነበር። 'ከነገርኩት ዘይቱን ይዞ እኔ ጋ መምጣቱን ይተዋል' አለኝ።"

ጀሪካኑን ለጎረቤቴ ሰጠሁት። አመስግኖኝ ሄደ፤ ሲመሽ የአጥሩ እግር በሙሉ ጠቁሮ ነበር።

የአርባ ቁጥሩ ጠርሙስ አሁንም መደርደሪያው ላይ አለ፤ ከግማሽ በላይ ነው። ቀጭኑን አጠገቡ አስቀምጬዋለሁ። አንዳንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ከሁለቱም አንድ አንድ ጠብታ በሳህን ላይ አደርግና አልጋው በነበረበት ቦታ እቀመጣለሁ። የትኛው የትኛው እንደሆነ እንዳላውቅ እናቴ ሳህኗን ታዞርልኛለች። ዓይኔን ጨፍኜ አሻሸዋለሁ። እስካሁን አንዱን ከሌላው መለየት አልቻልኩም።