የእማማ የሺ ውሃ

ልጄ ነገ በባቡር ጅቡቲ ልትሄድ ነው። ሻንጣዋን ስታሰናዳ እኔ ማድ ቤት ገብቼ የመንገድ ውሃዋን ጣድኩ። ይሄኔ ጓደኛዬ ታደሰ ደወለ፤ ውሃ እያፈላሁላት ነው አልኩት።

«በደንብ አፍላው እንግዲህ! እንደ እናቴ እንዳታደርገው» ብሎ ሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም። ለቅሶ ቤት እንኳ ሰው አስቄ ከድንኳን የምባረር ሰውዬ፣ አልሳቅኩም።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላንም። ጅቡቲ ሥራ ሞልቷል ሲሉን አመንን። የታደሰ እናት እማማ የሺ ሐረር፣ አቦከር ሰፈር፣ ጎረቤታችን ነበሩ። የበኩር ልጃቸውን ተቅማጥ ወስዶባቸው ስለነበር ውሃ ሲያፈሉ የጣሪያው ቆርቆሮ ያልበው ነበር። ጀሪካን ሙሉ አፍልተው፣ አቀዝቅዘው፣ ሸዋ በር፣ የድሬዳዋው ሚኒባስ ድረስ ራሳቸው ተሸክመው መጡ።

«ከዚህ ሌላ እንዳይጠጣ። አንተ ጠብቅልኝ» አሉኝ።

«በጡጦ ነው የማጠጣልዎት!»

ከድሬዳዋ በጭነት መኪና ቀጠልን። ሐምሌ ነው፤ ድንጋዩ ራሱ ጥላ ፍለጋ የሚሄድ ይመስላል። አንድ ሻይ ቤት ስንቆም በር ላይ ካለው በርሜል ቀድቼ ጠጣሁ። ታደሰ እንቢ አለ።

«አቦ! ሆድህ መስተዋት ነው እንዴ?»

«እናቴ ብላለች።»

መኪናው ሥር ገብቶ እንቅልፍ ወሰደው። እኔ የእማማ የሺን ውሃ በራሴ ላይ አፈሰስኩት፤ እንዴት ደስ ይል ነበር! ጀሪካኑን ከበርሜሉ ሞላሁት። ጅቡቲ ስንደርስ ነግሬው ልስቅበት ነው። ሲነቃ አንደቀደቀውና «የእናቴ ውሃ ጣዕሙ ራሱ ይለያል» አለ። ላለመሳቅ እጅጌዬን ነከስኩ።

ጅቡቲ በገባን ማግስት ሽንት ቤት መመላለስ ጀመረ። ኋላ መመላለሱም አቃተው። ዓይኑ ጎደጎደ፤ የእጁን ቆዳ ቆንጠጥ ሳደርገው እንደ ተተከለ ድንኳን ቆሞ ይቀራል። ከዚያው በርሜል ጠጥቼ እኔን ምንም አላለኝም። ውሃ ሲለምነኝ ደግሞ «ይብስብሃል» እያልኩ ከለከልኩት፤ ተቅማጥ የያዘው ሰው ውሃ አይጠጣም ሲባል ሰምቼ ነበር።

ያከራየችን ሶማሌ፣ ሐዋ፣ በተሰባበረ አማርኛ ጮኸችብኝ። «ወላሂ ትገድለዋለህ! የወጣው ካልተተካ በምን ይኖራል?»

አንድ ሊትር የፈላ ውሃ፣ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ለክታ በጠበጠችና ማንኪያውን እጄ ላይ አስቀመጠችው። ሐኪም ቤት እስክናደርሰው ጠብ ጠብ እያደረግሁ አጠጣሁት፤ እዚያም ግሉኮስ ሰክተው አተረፉት። ሲያገግም እነግረዋለሁ አልኩ። አገገመ። አልነገርኩትም።

ሐረር ስንመለስ ታደሰ ከስቶ የደረቀ እንጨት መስሏል። እናቱን አቅፎ፣ ለቀልድ ያህል፣ «እማዬ፣ ውሃሽ ሊገድለኝ ነበር እኮ!» አላቸው።

እማማ የሺ አፋቸውን ያዙ። «ቸኩዬ… ሳይፈላ አውርጄው ይሆናል» አሉ። ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ እንኳን ደህና ሆንክ። ባትጠብቅልኝ ኖሮ ይሄም ይሄድብኝ ነበር።»

ያኔ ነበር መናገር። ምላሴ ለሰባት ሰፈር የሚበቃ ነው፤ በዚያች ደቂቃ ግን አልተገኘም።

ከዚያ በኋላ እማማ የሺ ድስቱ ደርቆ እስኪጮህ ውሃ ያፈሉ ጀመር። በአንዱ ጉልቻ ላይ ስንት ድስት ተቃጠለ! ሰፈሩ ሳቀባቸው፤ ቀልዱን ደግሞ የማዋጣው እኔ ነበርኩ። አምና ታመው ልጠይቃቸው ስገባ አንድ ኩባያ ውሃ አቀረቡልኝ።

«ጠጣው፤ አይዞህ፣ በደንብ ፈልቷል» አሉኝ።

ጠጣሁት። በሳምንቱ ቀበርናቸው።

«አባዬ፣ ፈልቷል እኮ! ምን ትጠብቃለህ?» አለችኝ ልጄ። ሳላወርደው ቆሜያለሁ። ለሞተ ሰው ውሃዎ ፈልቶ ነበር ብሎ መንገር አይቻልም። ልጃቸው ግን አለ፤ ዛሬም በእናቱ ውሃ ይቀልዳል። ስልኩን አንስቼ መልሼ ደወልኩለት።

«ታደሰ፣ ስለ እናትህ ውሃ የምነግርህ ነገር አለ።»

«ደግሞ ምን ቀልድ አመጣህ?» አለኝ፣ ገና ሳልጀምር እየሳቀ።