የብስኩቱ ረድፍ

እትዬ ሽክርክሪት የምንላት ወንበር ላይ ስለማትረጋ ነው። ስድስት ዓመት አጠገቧ ተቀምጫለሁ፤ እሷ ግን ቁጭ ብድግ እንጂ መቀመጥ አታውቅም። ሥራችን ሰንጠረዥ ነው፦ አርባ ፋብሪካ በረድፍ፣ እነዚያው አርባ ደግሞ በዓምድ። ረድፉ ለማን እንደሸጠ፣ ዓምዱ ከማን እንደገዛ ይናገራል። ሰንጠረዡ ሲሰላ አንዱ ቢቆም እነማን አብረው እንደሚቆሙ ይታወቃል።

አንድ ሰሞን መብራት አልበቃ ብሎ አንድ ፋብሪካ ለስድስት ወር ሊዘጋ ሆነ። ሌሎቹን የማይጎዳው የትኛው ነው? እትዬ አሰላችና «የጆንያው ይዘጋ፤ የብስኩቱ እንዳይነካ» ብላ ፈረመች። ታናሽ ወንድሟ እዚያው ብስኩት ፋብሪካ ጋጋሪ ነው፤ ከነሦስት ልጆቹ የሚኖረውም እሷ ቤት ነው።

ወረቀቱ አለቃችን ጋ ከደረሰ በኋላ ግን ጭንቅ ጥብብ አላት። መስኮት ትከፍታለች፣ መልሳ ትዘጋለች። ራሴን አዞረችው።

«አንተ፣ ስኳር ከብስኩት ይሠራል እንዴ?» አለችኝ ድንገት።

«ምን ነካሽ እትዬ?»

«እዚህ እንደዚያ ይላላ!»

ለካ ረድፉን ዓምድ፣ ዓምዱን ረድፍ አድርጋ አስገብታው ኖሯል። ገዢው ሻጭ ሆኖ ቁጭ ብሏል። አስተካክላ ስታሰላው ጆንያ ከቆመ ዱቄቱም፣ ስኳሩም፣ ሲሚንቶውም ይቆማል። ብስኩት ቢቆም ግን ዕቃ የሚጎድልበት አንድም ፋብሪካ የለም።

አለቃችን ስትነግረው «ተፈርሞ ያለቀ ነገር! ከራስ በላይ ነፋስ» አላት። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ዝም ብትል በወደድኩ ነበር።

«ጆንያ የሚሠሩትስ ምን በደሉ?» ብላ አዲሱን ወረቀት ፈረመች።

ለወንድሟ ብቻዋን መንገር ስለፈራች አብሬያት ቤቷ ሄድኩ። እንደቆመች ሁሉንም ነገረችው። እሱም ሰንጠረዡን ተቀብሎ ምድጃ ባጠቆረው ጣቱ የብስኩትን ረድፍ ተከተለ። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ።

«እኛን የሚፈልገን የለም ማለት ነው፣ እታለም?»

«ሰው ነዋ የሚፈልጋችሁ! ሰው ደግሞ እዚህ ሰንጠረዡ ዳር ላይ ነው ያለው፤ ከአርባዎቹ አይቆጠርም።»

«ማነው ዳር ያስቀመጠው?»

ልጆቹ ጓዳ ውስጥ ሲሳሳቁ ይሰማል። እትዬ ወንበር ሳብ አድርጋ ተቀመጠች፤ እኔ እስክወጣ ድረስም አልተነሣችም።