ቀለሙ የለቀቀው ማልያ

ዝናብ የመታው አዲስ ጨርቅ ቀለሙን ሲለቅ የሚሸተው ሽታ ዛሬም ያሳፍረኛል። ትናንት ራጉኤል አጠገብ ከአንድ ሱቅ ደጃፍ ሸተተኝና ፊቴን አዙሬ አለፍኩ።

በጃንሆይ ጊዜ የሰፈራችን ወጣቶች የኳስ ክለብ ሲያቋቁሙ ማልያ አልነበራቸውም። እናቴ፣ ሰፈሩ እትዬ አሰለፈች የሚላት፣ የክለቡ ዋና ደጋፊ ነበረች። አቡጀዲ ሰፍታ፣ በትልቅ ብረት ድስት ቀይ ቀለም አፍልታ ነከረችላቸው።

በመጀመሪያው ጨዋታ እኔና እሷ ሜዳው ዳር ቆመን ሳለ ዝናቡ ወረደ። ቀለሙ በልጆቹ ጭን ላይ ይንቆረቆር ጀመር፤ ነጭ ቁምጣቸው ሁሉ ቀላ። የተጋጣሚው ደጋፊዎች "ቡድኑ ቆስሏል፣ አምቡላንስ ጥሩ" እያሉ ሳቁ። እኔ ቀስ ብዬ ከእናቴ ራቅ አልኩ።

ጨዋታው ሲያበቃ አምበሉ ከድር እጁ እስከ ክርኑ ቀልቶ ወደ እሷ መጣ።

"እትዬ አሰለፈች፣ አይዘኑ። ዝናቡ ነው እንጂ የእርስዎ ጥፋት አይደለም" አላት።

"ቀለሙን የሚያስይዘውን ጨው አሳንሼበት ነው ልጄ። ነገ አምጧቸው፣ እንደገና እነክራቸዋለሁ" አለችው፣ ነጠላዋን ወደ አፏ እየሳበች።

በማግስቱ ጠዋት ውሃ ጥዳ ጠበቀች። እስኪመሽ ማንም አልመጣም።

"ድፊው በቃ" አለችኝ። ቀና ብዬ ሳላያት ደፋሁት። ከዚያ ወዲህ ሜዳ ሄዳ አታውቅም።

የዛሬዎቹ ደጋፊዎች የክለቡን ታሪክ ሲያወሩ ያ ቀን ሁልጊዜ ይነሳል። እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ። ማልያውን የነከረችው ማን እንደሆነች ግን አልነግራቸውም።