እዚህ ተወለደ

ቅዳሜ ከካናዳዋ ከተማ ከካልጋሪ ወጣ ብዬ ስነዳ የታጨደ ሣር ሽታ በመስኮት ገባ። ቦታውን አወቅኩትና መኪናዬን መንገድ ዳር ፓርክ አደረግኩ። አንድ የጥንት የሕዝብ እንደራሴ እዚህ መወለዱን የሚናገረው ሰሌዳ ዛሬም እንደቆመ ነው።

ሰሌዳውን መጀመሪያ ያየሁት ጊዜ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከደሴ ሊጠይቁን የመጡት አያቴ ሰሌዳውን ሲያዩ አባቴን መኪናውን አስቆሙት።

"ምን ይላል? እስቲ አንብቢልኝ" አሉኝ።

እንግሊዝኛውን አነበብኩት። እንደራሴ የሚለውን አማርኛ ግን አላውቀውም ነበርና "አባባ፣ እዚህ... ንጉሥ ተወለደ" አልኳቸው።

አያቴ ቆባቸውን አወለቁ። አባቴ ሳቁን ዋጥ አድርጎ አየኝ፤ እኔ አፍሬ አቀረቀርኩ።

"ቤቱስ የታለ?" አሉ አያቴ።

"ፈርሷል፣ አባባ" አልኳቸው።

ቤቱ በነበረበት ቦታ የበቀለውን ስንዴ አዩት። "ቤቱ ቢፈርስም ቦታውን አልረሱለትም" አሉ። "እኔ የተወለድኩበትን ግን ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም።"

ሳላርማቸው አገራቸው ገቡ። ለጎረቤቱ ሁሉ የንጉሥ የትውልድ ቦታ አየሁ እያሉ ሲያወሩ ኖረው አረፉ።

ቅዳሜ ዕለት እዚያው ቆሜ ለአባቴ ደወልኩ። "አባዬ፣ አባባ የተወለዱት የት ነው?"

"ወሎ ነዋ፣ ገጠር ውስጥ።"

"መንደሩ ማን ይባላል?"

"እንጃ ልጄ" አለኝ፤ "እኔም አልጠየቅኳቸውም።"