የሐምሌ ልስን

ሞጣ ውስጥ የሚሸጥ አሮጌ ባለ ፎቅ ቤት ገብቼ የእርጥብ ጭቃና የጭድ ሽታ ሲቀበለኝ፣ በጃንሆይ ጊዜ አያቴ ይህንኑ ቤት ሊገዙ ይዘውኝ የመጡበት ቀን ትዝ አለኝ።

ያኔም ሐምሌ ነበር። ከጓዳው ግድግዳዎች አንዱ ብቻ አዲስ ተለስኖ ነበር። አያቴ መዳፋቸውን አሳረፉበትና፣ “በዚህ ዝናብ ማን ቤት ይለስናል? መስከረም ሳይጠባ አይደርቅም እኮ!” አሏት ሻጯን።

“ለዓይን እንዲያምር ብዬ ነው፣ አባቴ” አለች፣ ዓይኗን ከግድግዳው ሳትነቅል።

ስንወጣ ጎረቤቶቹ ሰላምታችንን ተቀብለው ወደየቤታቸው ገቡ። “አንድ ሰው እንኳ ‘ግዙት፣ ጎረቤት ሁኑን’ አላለንም። እንሂድ፣ ልጄ” አሉኝ አያቴ።

ዛሬም ሐምሌ ነው። መዳፌን በዚያው ግድግዳ ላይ አሳረፍኩ። እንደገና ተለስኗል፤ እርጥብ ነው።

“ለዓይን እንዲያምር ብለው ነው” አለኝ ደላላው ከኋላዬ፣ ምንም ሳልጠይቀው።